ጅረቱ ውስጥ የገባ እግር

ወረታ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘመኑ፣ ካለህበት ሐዋሳ፤

እንደምን ሰነበትክ? ክረምቱስ እንዴት ይዞሃል? እኛን ያስቸገረን ዝናቡ ሳይሆን የሰው አፍ ነው እንጂ፣ ደህና ነን። ወገኔም ደህና ነው፤ ሩዙን ውኃ እንዳይውጠው ከቤት ማሳ፣ ከማሳ ቤት ሲል ይውላል። ባሌ መሆኑን የማስታውሰው ማታ ራት ሲጠይቀኝ ነው።

«ስልክ ለምን አታነሽም?» ብለሃል። የማላነሣው ስለማላምነው ነው። አንተ ዓሣ ልቁጠር ብለህ ውኃ ውስጥ ዓይን ካስቀመጥክ፣ ስልኩ ውስጥ ጆሮ ያስቀመጠ ሰው እንደሌለ በምን አውቃለሁ? ደግሞስ የካሜራው ሚሞሪ በኛ ኔትወርክ አይላክም ያልከኝ ራስህ አይደለህም? እሱ በእጅ ከሄደ ወሬውም አብሮት በእጅ ይሂድ። ይኸው በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በላስቲክ አስሬ ለአዲስ አበባው ሹፌር ሰጠሁት። «ምንድን ነው?» አለኝ። «የዓሣ ፎቶ» ስለው አገላብጦ ሲያየው ቆየ፤ ያመነኝ አልመሰለኝም።

ካሜራውን ከውኃ የሚያወጣው ወገኔ መሆኑንም ጠይቀሃል። አይደለም። አንተ እያለህ እሺ እሺ ሲል ነበር፤ ሻንጣህን አንጠልጥለህ አስፋልቱን እንደተሻገርክ «ውኃ ውስጥ የተቀበረ የመንግሥት ዓይን አልነካም። ዛሬ ዓሣ ቆጠረ፣ ነገ ማሳ ይቆጥራል» ብሎ ቁጭ አለ። የኔን ጉልበት ታውቀዋለህ፤ ያን የሚያንሸራትት ድንጋይ ከረገጥኩ የምትመጣው ለቀብሬ ነው። ሌላው መንደርተኛ በዚያ በኩል ማለፍ እንኳ ትቷል። የሚገባልኝ ሰው ብፈልግ ብፈልግ አንድ ሸጌ ተገኘች።

ሸጌን አትረሳትም፤ ጅረቱ ዳር ሸክላ የምትሠራው፣ ልጅ እያለህ የሸክላ በሬ ጠፍጥፋ የሰጠችህ። ጭቃዋን የምትቆፍረው ከዚያው ስለሆነ ውኃውን አትፈራም። ጠዋት ጠዋት ትገባና መስተዋቱ ላይ የተጋገረውን ደለል በመቀነቷ ጫፍ ትጠርግልሃለች።

የሰው አፍ ያልኩህ ታዲያ ይኼ ነው። «የባለ እጅ ዓይን አንሶ የብረት ዓይን ተጨመረበት» ይላሉ። ሸጌ ቡዳ ናት የሚለው ሐሜት አዲስ አይደለም፤ ድስቷን ገዝተው፣ ወጣቸውን ሠርተው፣ ልጃቸው ሆዱን ሲቆርጠው የሷን ስም ያነሣሉ። የውኃ አባታችን አያ ሰውመሆን እንኳ፣ መስኖ ሲያከፋፍሉ ፍርድ የማያጓድሉት ሰው፣ «ይታይሽ፣ ያ ነገር ከሷ ጋር ባይነካካ ይሻላል» አሉኝ። መምሬ ገብረማርያም ደግሞ ካሜራው የሴት ገላ ያይ እንደሆነ ጠየቁኝ። አያይም ብያቸው፣ መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሳያምኑኝ ሄዱ።

እኔም ልጠይቅህ። እውነት ዓሣ ብቻ ነው የሚያየው?

እህትህ ይታይሽ

*

ሐዋሳ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ናፍቆቴ ሰላምታዬን ይቀድማል። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሚሞሪው ጭረት ሳይነካው ደርሷል፤ ያሰርሽበትን ላስቲክ በጥርሴ ነው የፈታሁት።

ዓሣ ብቻ ነው የሚያየው ላልሽው፣ ፊቱ የመጣውን ሁሉ ያያል። የሚያውቀው ግን ያስተማርኩትን ብቻ ነው። ፎቶውን እከፍትና ዓሣው ዙሪያ ሳጥን እሥላለሁ፤ «ነጭ ዓሣ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ሌላው ላይ «ቀረሶ»፣ ሌላው ላይ «አምባዛ»። ይህን ደጋግሜ ካሳየሁት በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱ ሳጥን ይሥላል፣ ስም ይሰጣል፣ ይቆጥራል። ሰው ወንዝ ዳር ተቀምጦ የማይችለውን እሱ ሳይደክመው ይሠራዋል።

ትስቂያለሽ እንጂ፣ መጀመሪያ ላይ የሸጌን ባት አይቶ አምባዛ ነው አለ። ጠዋት በመጣ ቁጥር ሁለት ወፋፍራም አምባዛዎች ቆመው ይታዩታል። ግራ ገብቶኝ ፎቶውን ብከፍት የሷ እግር! ስለዚህ እግሯ ዙሪያም ሳጥን ሥዬ «ሸጌ» ብዬ ጻፍኩለት። አሁን ውኃውን እንደረገጠች ያውቃታል፤ ስሟን ይጽፍና ከዓሣው ቆጠራ ያወጣታል። ከአገሩ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ስሙን የሚያውቀው የሷን ብቻ ነው ብለሽ ንገሪልኝ፤ ደስ ይላታል።

ዓሣዎቹ እየመጡ ነው እታለም! ከጣና ወጥተው፣ የጉማራን ወንዝ ይዘው፣ ጠጠር ያለውን የኛን ጅረት ፈልገው እንቁላል ሊጥሉ ነው የሚመጡት። ቆጠራው ከሞላልኝ በጥቅምት ለአለቆቼ አቀርበዋለሁ፤ ያን ጊዜ ጅረቱ በመራቢያው ወራት መረብም ዓሣ የሚያሰክረው ብርብራም እንዳይነካው የሚጠበቅበት መንገድ ይገኛል። አንቺም ብትሆኚ ልጅ ሆነን የነበረውን የዓሣ ብዛት ታስታውሻለሽ። አሁን እኮ የለም።

የሩዙ አረም ደቦ መቼ ነው? ፍልሰታ ላይ ከዋለ ያን ሁሉ ሰው ምን ልታበሉት ነው? ደግሞ አያ ሰውመሆን ካልሽኝ ሌላ የተናገሩት ነገር አለ? የቀረሽ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ አንቺ ስትቆጥቢ አውቅሻለሁ።

ወንድምሽ ዘመኑ

*

ወረታ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘመኑ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህን። መልስ በመዘግየቴ ይቅር በለኝ። መንገዱ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። ሲከፈት ደግሞ እኔ ወረታ አልወጣሁም።

ሩዙ ታርሟል። ደቦው ጥሩ ነበር፤ ሰው ሳይጎድል መጣ። ምን ልታበሉት ነው ብለሃል። የደቦ ሰው መቼ ምግብ ይመርጣል? የተገኘውን አበላሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከሐዋሳ ሆነህ ምን ያስጠይቅሃል? የዓሣው ሳያንስ የኛንም ገበታ ልትቆጥር ነው?

ሚሞሪው የዘገየው ረስቼው ነው። ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ቆየ። ብዙ ነገር ያለበትም አይመስለኝም፤ ውኃው ደፍርሶ ነበር። ብታልፈው ይሻልሃል፤ የሚቀጥለው ይጠራል። ልላከው ወይስ ይቅር ስል ከርሜ፣ ቃሌን እንዳልበላ ብዬ ነው የላክሁት።

ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ልንገርህ፤ ዓሣ ሞቶ ታይቷል። ነጭ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ዳርቻውን ሞልቶት ነበር። ሰው ሁሉ ይጠይቃል፣ የሚመልስ የለም። የሚመልስ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ወደ አንድ ደጅ ያያል፤ የማን ደጅ እንደሆነ ታውቀዋለህ። ቅዳሜ ገበያ ሸጌ ድስቶቿን ደርድራ ዋለች፣ ጎንበስ ብሎ ያንኳኳ እንኳ አልነበረም። ይዛው የሄደችውን ይዛው ተመለሰች።

ከመጣህ ወዲህ ነው ይኼ ሁሉ የሚሉም አሉ። አንተን ማለቴ አይደለም፤ ያንን ዓይን።

ይታይሽ

*

ሐዋሳ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው።

«ብታልፈው ይሻላል» ያልሽኝን ሚሞሪ አላለፍኩትም። ኮምፒውተሩ እስከ ነሐሴ ስምንት ድረስ በደንብ ሲቆጥር ቆየና፣ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ዓሣ የለም አለ። ባዶ። መጀመሪያ ሄደዋል አልኩ። ፎቶውን ስከፍተው አልሄዱም፤ ሆዳቸውን ገልብጠው ይንሳፈፋሉ። እኔ ያስተማርኩት ሲዋኙ ነው፤ ሲሞቱ ምን እንደሚመስሉ አላሳየሁትም፣ ስለዚህ አላወቃቸውም። ሆዳቸው እንቁላል እንደሞላ ነበር እታለም።

ይህ በሽታ አይደለም። ብርብራ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ከላይ ተደፍቷል፤ ዓሣው ሰክሮ ሲወጣ ከታች ተለቅሟል። አንቺም እኔም እዚያው ያደግን ሰዎች ነን፣ ይህን አታውቂም አትበይኝ።

ውኃው ደፍርሶ ስለነበር የማን እግር እንደሆነ በዓይን በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ ያን ቀን ውኃው ውስጥ የገባው ማን እንደሆነ ኮምፒውተሩን ጠየቅሁት። አንድ ስም ነው የሰጠኝ። ሸጌ። በየፎቶው ላይ ሸጌ፣ ሸጌ፣ ሸጌ፤ ስክሪኑን ሞላው። ጠዋት ለጽዳት የምትገባው ለአፍታ ነው፤ ያን ቀን ግን ስትመላለስ ነው የዋለችው።

ሐሜት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ቡዳ ምናምን የሚለውን ልጅ ሆኜም አልተቀበልኩትም። ይህ ግን ሐሜት አይደለም፣ ማስረጃ ነው። አምኛት ነበር። ለአያ ሰውመሆን ልጽፍላቸው ነው፤ የውኃ አባት ስለሆኑ ማወቅ አለባቸው። ከዚያ በፊት አንቺን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ያን ቀን የት ነበርሽ? ምንም አላየሽም?

ዘመኑ

*

ወረታ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘመኑ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ። ደብዳቤውን እንዳትልከው። ልከኸው ከሆነም በምትችለው መንገድ መልሰው።

የት ነበርሽ ብለሃል፤ ቤቴ ነበርኩ፣ ደቦ ነበረብኝ። ምን አየሽ ብለሃል። አንተስ ምን አየህ? በዓይንህ አይተሃታል ወይስ ያ ማሽን ነገረህ? ሰው ላይ የሚመሰክር ሰው እኮ አይቻለሁ ብሎ ነው የሚምለው እንጂ፣ ዕቃዬ አየ ብሎ አይደለም። ማሽንህ የሷን ባት አምባዛ ብሎ የቆጠረ ነው፤ ያን ጊዜ የሳቅህበትን ዛሬ እንዴት ምስክር አደረግኸው?

ሸጌ ትናንት መጥታ ነበር። «ወንድምሽ ተቆጣኝ እንዴ? ካሜራውን ልግባና ልጥረግ ወይስ ልተው?» አለችኝ። ጥረጊ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ፊቷን ማየት አቅቶኝ ጎመን ስመርጥ ቆየሁ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ይኼን ነገር ከዚህ በላይ አትጎርጉረው። ለምን እንደምልህ አትጠይቀኝ፤ ስለምወድህ ነው የምልህ።

ይታይሽ

*

ሐዋሳ፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣

እንኳን አደረሰሽ። ዘንድሮ በዓሉን ብቻዬን ነው የዋልኩት፤ ያንቺን ዶሮ በሐሳቤ በላሁ።

ማስታወሻሽ የደረሰኝ ከረፈደ ነው። ለአያ ሰውመሆን የጻፍኩትን በዚያው ሳምንት ልኬዋለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከእጅ የወጣውም እንዲያው።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። «ለምን እንደምልህ አትጠይቀኝ» ብለሻል። ሚሞሪውን ሳጥን ውስጥ ደብቀሽ አቆየሽ፣ ሲላክም እለፈው አልሽ፣ አሁን ደግሞ ማስረጃውን ተው ትያለሽ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ስትዋሺኝ አላውቅም። አሁን ግን እየዋሸሽኝ ነው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፣ ቢሆንም ጻፍኩት። ሸጌን ለመሸፈን ነው? ከሷ ጋር ምን አላችሁ?

ካልሆነ ደግሞ የምትሸፍኚው ማንን ነው?

ዘመኑ

*

ወረታ፣ መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘመኑ፤

ከሸጌ ጋር ምን አላችሁ ብለሃል። እሷ ለኔ ውኃ ውስጥ ትገባልኝ ነበር፣ እኔ ለሷ ምንም አላደረግሁላትም። ያለን ይኼ ነው።

የደብዳቤህን ነገር ልንገርህ። አያ ሰውመሆን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አስቀምጠው አስነበቡት። የተማረ ሰው ጽሑፍ ነውና ሁሉም ጸጥ ብሎ ሰማ። «ኮምፒውተሩ የሰጠው ስም አንድ ብቻ ነው» የሚለው ጋ ሲደረስ፣ አንዱ «እኛ ስንል የኖርነው አይደል! ይኸው ማሽንም አወቃት» አለ። ሌላው «ማሽን ቂም የለው፣ ዘመድ የለው» አለ። ዘመኑ፣ እስከዚያ ቀን ሐሜት ነበር። አንተ ማኅተም መታህለት።

ሸጌን አስጠሯት። መጣች፤ እጇ ላይ ጭቃው እንዳለ ነው። ብርብራ ደፍታለች ወይስ በዓይኗ ነው የበላችው የሚለው ላይ ክርክር ሆነ፤ እሷን የጠየቀ የለም። በመጨረሻ ሲጠይቋት «እኔ መስተዋት ነው የጠረግሁ» አለች። «ይታይሽ ትጠየቅ፤ ይታይሽ ታውቃለች» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ጠዋት ትገባለች፣ ትጠርጋለች አልኩ። እውነት ነው። ከዚያ ሌላ ግን አልተናገርኩም። ወገኔ አጠገቤ ቆሞ መሬቱን በበትሩ ይጭር ነበር። እስከ መስቀል ድረስ መንደሩን እንድትለቅ ወሰኑ። መምሬ ገብረማርያም ብቻ «ያላየነውን አንፍረድ» ብለው ነበር፤ የሰማቸው የለም። አያ ሰውመሆን ፍርዱን ሲሰጡ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ የገረመኝ እሱ ነው።

የምሸፍነው ማንን እንደሆነ በብዕር አልጽፍልህም። ፎቶው እጅህ ላይ አይደል? እንግዲያው ማሽኑን ዝጋና በገዛ ዓይንህ እየው።

ይታይሽ

*

ሐዋሳ፣ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። ሰላም የሚባል ነገር ካጣሁ ሰነበትኩ።

እንዳልሽው አየሁት። ሳጥኑንም ስሙንም ከላዩ አነሣሁና ፎቶውን አንድ በአንድ፣ ደለሉ ውስጥ ዓይኔን አስገብቼ አየሁት። የአንድ ሰው እግር አይደለም። የብዙ ሰው ነው፣ ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው። ከፊት ያለው ባቱ ላይ ረጅም ጠባሳ አለው። ያን ጠባሳ አውቀዋለሁ። በሬው የወጋው ዕለት ደሙን በነጠላሽ ስታስሪለት ፋኖሱን የያዝኩልሽ እኔ ነበርኩ። የወገኔ እግር ነው። በሱም ላይ ሸጌ ይላል፤ በሁሉም ላይ ሸጌ ይላል።

ስህተቱ የኔ ነው። ለኮምፒውተሩ ያሳየሁት የአንድ ሰው እግር ብቻ ነበር። ሌላ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን አልነገርኩትም። ስለዚህ እግር ባየ ቁጥር የሚያውቀውን አንዱን ስም ይጽፋል። ጥፋቱን ሳይሆን ስሙን ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ እኔ ግን ምስክር ብዬ ላክሁት። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ አይሳሳተውም።

ለአያ ሰውመሆን ማረሚያ ጽፌላቸዋለሁ፤ የወገኔን ስም ሳልጠራ፣ ሸጌ እንዳልሆነች ብቻ። በጣም ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። ለመሥሪያ ቤቴም ስህተቴን አስታውቄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ቆጠራውን በጥቅምት አላቀርብም። ከሁሉ በላይ አንቺን ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ ዋሸሽኝ ብዬ ጽፌልሻለሁ። ያስጨነቀሽ ነገር ምን እንደነበር አሁን ገባኝ፤ ባልሽ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፣ ባትመልሺውም አልቀየምም። ያን ሁሉ ዓሣ ማን በላው?

ወንድምሽ ዘመኑ

*

ወረታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘመኑ፤

ደቦው በላው። የሠራሁት እኔ ነኝ።

ፍልሰታ ነው፣ በግ አይታረድ፣ ቅቤ አይነካ፤ ከንጋት ጀምሮ ጭቃ ውስጥ አጎንብሶ ለዋለ ሰው ሽሮ ብቻ ማቅረብ አሳፈረው ወገኔን። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ቄስና ቄስ ያልጨረሱት ነገር ነው፤ የደቦ ሰው ግን ሲርበው ቶሎ ይጨርሰዋል። ብርብራው የተወቀጠው በኔ ሙቀጫ ነው። ሲወቅጡት አየሁ፤ ምን እንደሆነ አውቄ ዞር አልኩ። ወጡን ስሠራ እንቁላሉን ከሆዱ እያወጣሁ ለድመት ጣልኩት። አንተ ለምን እንደምትቆጥራቸው አስረድተኸኝ ነበር፣ ገብቶኝም ነበር። ግን ሰው ቤቴ ሞልቷል፤ ደቦዬ እንዲያምር ፈለግሁ። አያ ሰውመሆን ከራስጌ ተቀምጠው ትልቁን አቀረብኩላቸው፤ መርቀውኝ ነው የተነሡት። ያልበሉት መምሬ ገብረማርያም ብቻ ነበሩ።

ያን እሑድ አጥሩ ሥር የፈረዱት እነዚያው ናቸው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ብርብራ ያስቀጣል፤ ቡዳ ግን የሚያስቀጣው ባለ እጅን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለሁሉም ተመቻቸው። ለኔም ተመቸኝ። እውነቱን ከነገርኩህ ካንተ ማሽን የኛ መንደር አይሻልም፤ ክፉ ነገር ባየን ቁጥር የምናውቀው አንድ ስም ነው።

ሸጌ መስቀልን አልጠበቀችም። እሳት ያላያቸው ድስቶቿን ፀሐይ ላይ እንደተሰጡ ትታ ሄደች። ዝናብ መታቸውና ተመልሰው ጭቃ ሆኑ።

ማረሚያህ ደርሷል። የመጀመሪያው ደብዳቤህ በአደባባይ ተነበበ፤ ሁለተኛው ኪስ ገባ። «አንብበውታል ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ አያ ሰውመሆን «ያለቀ ነገር ነው ይታይሽ፤ ምን ያደርግልሻል ቤትሽን ማፍረስ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የተቆረጠልኝ። በሚቀጥለው እሑድ ሰው ሳይበተን ተነሣሁ። ብርብራው በኔ ሙቀጫ ተወቀጠ፣ ባሌ ደፋው፣ እኔ ሠራሁት፣ እናንተ በላችሁት አልኩ። አንድ ሰው እንኳ ውሸት ነው አላለኝም። ሁሉም ጫማውን ያያል። መምሬ ብቻ አለቀሱ።

ወገኔ ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ያቀረብኩለትን ይበላል፣ ይተኛል፣ ማሳው ይሄዳል። ማታ ማታ ባቱን እንዳላይበት በጋቢው ይሸፍነዋል። ባሌ ነው፤ አሳዘነኝ። መናገሬ ግን አልጸጸተኝም፤ መዘግየቴ ነው የሚያቃጥለኝ።

ረቡዕ ዕለት አንበሳሜ ሄድኩ። ባጃጁ ገበያው ዳር ጣለኝ፤ ሸጌን ዘመዶቿ ዘንድ አገኘኋት። ድስት ትሠራለች፣ ከየት መጣሽ ሲሏት ግን የኛን አገር፣ ፎገራን፣ አትጠራም። እግሯ ላይ ልወድቅ ብል ያዘችኝ፤ «ጉልበትሽን ያምሻል፣ ተይ» አለችኝ። በአደባባይ የተናገርኩትን ነገርኳት፣ ተመለሺ አልኳት፤ መምሬም ተመለሺ እንዳሏት ነገርኳት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ወንድምሽ እዚያ ማሽኑ ውስጥ የጻፈው ስሜ ተፋቀ?»

አላውቅም አልኳት።

«ሰው እንኳ ሲያረጅ ይረሳል፤ እሱ ይረሳል እንዴ? ስሜ እዚያ እያለ ብመለስ፣ ማንም ገብቶ የገደለው ዓሣ የኔ ነው። ጠይቂልኝ» አለች።

ይቅርታህን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ዘመኑ። አያ ሰውመሆንን ይቅርታ ጠይቀሃል፤ ለመሥሪያ ቤትህም፣ ለኔም ጽፈሃል። የሷን ፈለግሁ ፈለግሁ፣ አጣሁት። ስሟ መጥፋቱንም አልጻፍክልኝም። ኮራህ ብዬ አልጠረጥርህም፤ እንደኛው ረሳኻት።

ከአንበሳሜ ስመለስ መስተዋቱን የሚጠርግ የለምና፣ በትር ይዤ ራሴ ገባሁ። ድንጋዩ አንሸራተተኝ፣ ቀሚሴ እስከ ወገቤ ራሰ፣ ግን አልወደቅሁም። ደለሉን ጠረግሁና ፊት ለፊቱ ቆምኩለት፤ ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ድረስ፣ በደንብ እንዲያየኝ። ሚሞሪው በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ክፈተውና፣ ማን ብሎ እንደሚጠራኝ ጻፍልኝ።

እህትህ ይታይሽ